የበጎ ፈቃደኞች አመራረጥ፤ በስም ዝርዝር ወይስ በሥራ?

በየዓመቱ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ከምዝገባውና ከመጻሕፍት እደላው ቀጥሎ የሚመጣው የክበባት ኮሚቴ ምርጫ ነው። ከእነዚህም አንዱ የቀይ መስቀል ወጣቶች ክበብ ነው። አመራረጡን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ «ፍላጎት ያላችሁ ቅሩ» ይባላል፤ ጥቂቶች ይቀራሉ፤ እጅ ይወጣል፤ ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና አባላት ይሰየማሉ፤ ዝርዝሩም ማኅተም ተመትቶበት ለቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱ ይላካል። ከዚያ ወዲያ ብዙው ኮሚቴ ስም እንጂ ሥራ የለውም። ሂስ ልናቀርብበት የተነሣነው ይኸው አሠራር ነው፤ ሂሱም ከራሳችን ይጀምራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እናስተምርበት በነበረ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አሥራ አንድ አባላት ያሉት ኮሚቴ ነበረን። አንድ ቀን በስፖርት ክፍለ ጊዜ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሚጥል በሽታ ተነሥቶባት ሜዳው ላይ ወደቀች። የመጀመሪያ እርዳታው ሣጥን ተቆልፏል፤ ቁልፉ ከሊቀ መንበሩ ዘንድ ነው፤ ሊቀ መንበሩ በዚያን ቀን አልመጣም። ከኮሚቴው አባላት ሁለቱ ደረሱ፤ ያደረጉት ግን በየሰፈሩ ሲደረግ ያዩትን ነበር፤ አንዱ እጆቿን ጨምድዶ ያዘ፤ ሌላው ክብሪት ጭሮ ሊያሸታት ተጣደፈ። በዚህ መካከል የኮሚቴ አባል ያልሆነ አንድ ዝምተኛ ልጅ ሰዉን ገለል አደረገና ሹራቡን አጣጥፎ ከራሷ ሥር አኖረ፤ መንፈራገጧ ሲቆም በጎኗ አስተኛት፤ አፏ ውስጥ ማንኪያ እንክተት ያሉትንም ከለከለ። ልጅቷ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነቃች።

ከየት እንደ ተማረው ብንጠይቀው፣ ታናሽ ወንድሙ በሽታው እንዳለበትና በጤና ጣቢያ ለእናታቸው ሲነገር አብሮ እንደ ሰማ ነገረን። «ታዲያ ኮሚቴው ውስጥ ለምን አልገባህም?» አልነው። «ማንም አልጠየቀኝም» አለን።

ጥፋቱ የልጁ አልነበረም። የሁለቱ አባላትም አልነበረም፤ ስማቸውን መዘገብን እንጂ አላሠለጠንናቸውም። ጥፋቱ የእኛ የመራጮቹ ነበር፤ እስቲ ስሕተቶቻችንን አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛ፣ የምንመርጠው በፈተና ውጤትና በአነጋገር ነው። በዚህ የተነሣ በአንድ ጎበዝ ተማሪ ላይ ሦስትና አራት ኮሚቴ ይደራረብበታል፤ እሱም ለአንዱም ሳይሆን ይቀራል። ሁለተኛ፣ ሥራው ምን እንደሆነ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚወስድና መቼ እንደሚያበቃ አንናገርም። ሦስተኛ፣ ስብሰባውን ከትምህርት በኋላ በአሥር ሰዓት እንጠራና «ሴቶች ተማሪዎች አይሳተፉም» እንላለን፤ ውኃ የምትቀዳውና እራት የምታሰናዳው ልጅ በዚያ ሰዓት ቤት መገኘት እንዳለባት እንዘነጋለን። አራተኛ፣ ሰው ሲጠፋ በምስክር ወረቀት እናባብላለን፤ ወይም በጠባይ ማርክ እናስፈራራለን።

ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይከፋል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም. የኢጣሊያ ወረራ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። በ1958 ዓ.ም. ቪየና ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ከታወጁት ሰባት የቀይ መስቀል መርሆዎች አንዱ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ነው፤ ይኸውም ጥቅም ሳይፈለግበት በፈቃድ የሚሰጥ ማለት ነው። ማርክ ፈርቶ የመጣ ተማሪ እንደምን በጎ ፈቃደኛ ይባላል?

በእኛ ግምት ይህ ልማድ ሥር አለው። በ1967 ዓ.ም. በተጀመረው የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። ከልባቸው ያስተማሩ፣ ጉድጓድ የቆፈሩ ብዙ ነበሩ፤ ነገር ግን መዝመት ግዴታ ነበር። እንደዚህ ባለው ዘመን ያደግነው እኛም ሆንን ከእኛ የተማሩት መጥራትንና ማዘዝን፣ ፈቃድንና ግዴታን እየቀላቀልን ኖረናል።

የተሻለ አሠራር ግን ከሩቅ አይመጣም፤ በየሰፈራችን አለ። እድር ዳኛውንና ገንዘብ ያዡን ሲመርጥ ማን ድንኳን እንደ ተከለ፣ ማን ከቀብር እንዳልቀረ፣ ማን ሒሳብ እንዳላጓደለ ዓመታት አይቶ ነው። በመጀመሪያ ሥራ ይታያል፤ ሹመት ይከተላል። እኛ ግን አስቀድመን እንሾምና ሥራን እንጠብቃለን።

እንግዲህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከምርጫው በፊት ሥራው በግማሽ ገጽ ይጻፍ። የክፍል ኃላፊ መምህራን፣ ሳይታዘዝ ጥቁር ሰሌዳ የሚያጠፋውን፣ የታመመ ጓደኛውን ቤቱ የሚያደርሰውን ተማሪ ያስታውሱ፤ ጠርተውም ለብቻው ይጠይቁት። እምቢ ቢል አይቀየሙት። የተስማሙት ሁሉ ለአንድ ወር የመጀመሪያ እርዳታ ይማሩ፣ ሣጥኑን ያሰናዱ፤ ኮሚቴው ከወሩ መጨረሻ ላይ ከቀሩት መካከል ይመረጥ። ስብሰባው በምሳ እረፍት ወይም በየፈረቃው ይሁን። የሣጥኑ ቁልፍም በአንድ ሰው ኪስ አይደር።

«ጽሕፈት ቤቱ ዝርዝሩን በቀነ ገደብ ይጠይቀናል፤ ወር መጠበቅ አንችልም» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ችግሩን እናውቀዋለን። ነገር ግን ሦስት ስም ልኮ «የቀሩትን እያየን እንልካለን» ብሎ መጻፍ ነውር አይደለም። በየመክፈቻው ስብሰባ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ ያልተፈተለ ድር ግን አያብርም።

ለእናንተም ለተማሪዎች አንድ ቃል አለን። እጅ ለማውጣት የምታፍሩ፣ ውጤታችሁ መካከለኛ የሆነ፣ ግን ሰው ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ የምታውቁ በየክፍሉ አላችሁ። መምህራን ሳንጠይቃችሁ ብንቀር፣ እናንተ መጥታችሁ «ይህን እችላለሁ» በሉን። ያን ልጅ ቀድመን ጠይቀነው ቢሆን ኖሮ፣ እነዚያ ሁለት አባላት በዚያን ቀን ክብሪት ባልጫሩ ነበር።