ሻማው ለምን ጠፋ? ስለ ሳይንስ ኤግዚቢሽኖቻችን አንዳንድ ነጥቦች

በካኩማ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ኤግዚቢሽን ሲደርስ ግቢው ይደምቃል። ጠረጴዛ ይደረደራል፣ ካርቶን ላይ በማርከር ይጻፋል፣ ልጆች ዩኒፎርማቸውን አጥበው ይመጣሉ፣ እንግዶች ይጎበኛሉ፣ ፎቶ ይነሳል። ይሄ ሁሉ ደግ ነው። ከመቶ በላይ ሆነው በአንድ ክፍል ተጨናንቀው፣ አንዱን መጽሐፍ ለአራት ለአምስት እየተጋሩ የሚማሩ ልጆች፣ ለአንድ ቀን እንኳ በእጃቸው የሠሩትን ለሰው ሲያስረዱ ማየት ያስደስታል። ውድ አንባቢያን፣ ደስታውን ለማጥፋት አልተነሳንም። ግን ሞቅታው በረድ ሲል እስቲ አንድ ነገር እንጠያየቅ፦ ከእነዚያ ሁሉ ጠረጴዛዎች ስንቶቹ ላይ ነው ሙከራ የነበረው?

ሙከራ ስንል መልሱ ሳይታወቅ የሚጀመር፣ “እንዲህ ባደርገውስ ምን ይሆናል?” ተብሎ የሚሠራ ነገር ማለታችን ነው። በአብዛኛው የምናየው ግን ትርዒት ነው። የትርዒቱ ንጉሥ ደግሞ እሳተ ገሞራው ነው። ጭቃ እንደ ተራራ ይቆለላል፣ መሐሉ ላይ ጠርሙስ ይቀበራል፣ ቤኪንግ ሶዳ ይገባል፣ ቀይ ቀለም ያለበት ኮምጣጤ ይፈስበታል፣ አረፋው ይገነፍላል፣ ሰው “ወይኔ!” ይላል። አለቀ። ኬሚስትሪው እውነት ነው፤ ኮምጣጤና ሶዳ ሲገናኙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። እሳተ ገሞራነቱ ነው ውሸቱ። በእውነተኛው ተራራ ውስጥ የቀለጠው ዐለት ወደ ላይ ሲወጣ የተጫነው ግፊት ይቀንስለታል፣ ያኔ በውስጡ ሟሙቶ የነበረው ጋዝና የውሃ ተን ይለያል፣ የሚያፈነዳውም እሱ ነው። የለስላሳ ጠርሙስ ነቅንቆ ክዳኑን የከፈተ ልጅ ከጭቃ ተራራው ይልቅ ለእውነቱ ይቀርባል።

የሚገርመው ደግሞ የምንኖረው በስምጥ ሸለቆው ላይ መሆኑ ነው። የቱርካና ሐይቅ ደሴቶች እሳተ ገሞራ የሠራቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 በአፋር ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመን ደረሰ፣ እስከ ሕንድ ሰማይም ዘለቀ። የአመዱን መንገድ ካርታ ላይ አስምሮ “ለምን ወደ ምሥራቅ ሄደ?” ብሎ የጠየቀ አንድም ጠረጴዛ እስካሁን አላየንም።

አሁን ስለ አንዲት ተማሪ እንንገራችሁ። ስሙን በማንጠቅሰው ትምህርት ቤት በተዘጋጀ ኤግዚቢሽን ላይ አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ ሁለት ጀሪካን ውሃ ይዛ ቀረበች። አንዱ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሏል፣ ሌላው እንዲሁ ነው። ሁለቱንም ጥላ ሥር አስቀምጣ ከሳይንስ መምህሯ በተዋሰችው ቴርሞሜትር ለአራት ቀን ጠዋትና ከሰዓት ለክታለች። ቁጥሩ በደብተሯ በሰንጠረዥ ተጽፏል። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ላይ የሁለቱ ልዩነት ጠፍቷል፤ አጠገቡ “ጆንያው ደርቆ ነበር” ብላ ጽፋለች። ይቺ መስመር ነች ሳይንስ! ዳኞቹ ግን ጠረጴዛዋ ጋ አንድ ደቂቃ እንኳ አልቆሙም። “ይሄ ምን ይሠራል? መብራት የለውም?” ብለው አለፉ። ሽልማቱን ተራራው ወሰደ። በዓመቱ ልጅቷ ራሷ ተራራ ይዛ መጣች።

ልጅቷ የያዘችው ቀላል ነገር አልነበረም። ውሃ ተን ሆኖ ሲሄድ ከዕቃው ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ እናቶቻችን የእንስራ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ በተግባር ያውቁታል። የሸክላ ሠሪ ቤተሰብ ልጅ የሆነው ናይጄሪያዊው መምህር መሐመድ ባህ አባ ሁለት ሸክላ አንዱን በሌላው ውስጥ አስቀምጦ፣ መሐላቸውን በእርጥብ አሸዋ ሞልቶ፣ ኤሌክትሪክ በሌለበት አትክልት ሳይበላሽ የሚቆይበትን ዘዴ በማስፋፋቱ እ.ኤ.አ. በ2000 የሮሌክስ ሽልማት አግኝቷል። ዘዴው የሚሠራው አየሩ ደረቅ በሆነበት ቦታ ነው። ከካኩማ የበለጠ ደረቅ አየር ከየት ይመጣል?

ሁለተኛው ከየጠረጴዛው የማይጠፋው ሻማና ብርጭቆ ነው። ይሄኛው ከተራራው ይብሳል፤ ተራራው ጨዋታ መሆኑን ልጁም ያውቀዋል፣ ሻማው ግን መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ሳይቀር ገብቶ እንደ ማስረጃ ይቀርባል። አሠራሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሻማ ሳህን ላይ ይቆማል፣ ውሃ ሳህኑ ውስጥ ይጨመራል፣ ሻማው ይለኮሳል፣ ብርጭቆ ይደፋበታል። ሻማው ይጠፋል፣ ውሃውም ብርጭቆው ውስጥ ከፍ ይላል። ልጁ በቃሉ ያጠናውን ይወጣዋል፦ “ሻማው ኦክስጅኑን ጨረሰው፣ ውሃው የኦክስጅኑን ቦታ ያዘ፣ ስለዚህ ኦክስጅን የአየር አንድ አምስተኛ ነው።” ዳኛው ራሱን ይነቀንቃል፣ ማርክ ይሰጣል።

መልሱ ያምራል፤ ሻማው ግን እንዲህ አይልም። ለማወቅ ዓይን ብቻ ይበቃል። ውሃው መቼ ነው የሚወጣው? ኦክስጅኑ ስለተበላ ቢሆን ኖሮ ሻማው እየነደደ ሳለ ቀስ በቀስ መውጣት ነበረበት። የሚወጣው ግን በአብዛኛው ነበልባሉ ሲደክምና ከጠፋ በኋላ ነው፣ ያውም ፈጠን ብሎ። ነገርየው እንዲህ ነው፦ ብርጭቆው ሲደፋ ውስጡ ያለው አየር በነበልባሉ ሞቆ ይለጠጣል፤ ልብ ብላችሁ ካያችሁ ከፊሉ በጠርዙ በኩል ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል። እሳቱ ሲጠፋ የቀረው አየር ቀዝቅዞ ይሰበሰባል፣ የውጭው አየርም ውሃውን ገፍቶ ያስገባዋል። በዚያ ላይ ሰሙ ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚፈጠር የተበላው ኦክስጅን ቦታው ሙሉ በሙሉ ባዶ አይቀርም። ሻማውም ቢሆን ኦክስጅኑን አይጨርሰውም፤ 21 በመቶ የነበረው ወደ 16 በመቶ አካባቢ ሲወርድ ነበልባሉ ይጠፋል። ይሄን ማመን ያቃተው ሰው ሦስት ሻማ አቁሞ ይሞክር። ብርጭቆው ያው፣ ኦክስጅኑም ያው ነው፤ ውሃው ግን ከአንዱ ሻማ የበለጠ ከፍ ይላል። ታዲያ አንድ አምስተኛው የት ገባ?

ይህን ሙከራ የቢዛንቲየሙ ፊሎ የተባለ ግሪካዊ ከ2000 ዓመት በፊት ጽፎታል። ስህተቱም አብሮ ሲወራረስ ኖሯል።

እዚህ ላይ አንዳንድ የምናከብራቸው ባልደረቦቻችን “ልጆቹን ለምን ታደናግራላችሁ? ለፈተና የሚጠየቀው እኮ ያው ነው” ይሉናል። ለፈተናው ኦክስጅን 21 በመቶ ነው ብሎ ይመልስ፣ እውነት ስለሆነ ማንም አይከለክለውም። እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። ሦስት ሻማ ሲነድ በዓይኑ አይቶ፣ ውሃው የት እንደደረሰ በዓይኑ አይቶ፣ ከዚያ “አንድ አምስተኛ” ብሎ የሚጽፍ ልጅ የራሱን ዓይን አለማመንን እየተማረ ነው። ካምፕ ውስጥ ስንኖር ወሬ እንዴት እንደሚነዳን ሁላችንም እናውቃለን። “ሪሴትልመንት ተከፍቷል ተብሏል”፣ “እገሌ ብሎክ ሊነሳ ነው ተብሏል”፣ ሰው ሌሊት ተነስቶ ይሰለፋል፣ ጠዋት ምንም የለም። ያየውን ከተባለው ለይቶ መናገር የሚችል ልጅ ለዚህ ቦታ የቅንጦት ነገር አይደለም።

መምህራኑን ብቻ መውቀስም ተገቢ አይሆንም። ሙከራ ከየት ያምጡ? እጃችን የሚገቡት አብዛኞቹ የልጆች ሙከራ መጻሕፍት የፈረንጅ ወጥ ቤት ውስጥ የተጻፉ ናቸው፤ ፍሪጅ ክፈት፣ ቀይ ጎመን ቀቅል፣ በረዶ ጨምር ይላሉ። ከነዚህ የሚለይ አንድ አሮጌ መጽሐፍ አለ፣ ስለሱ ትንሽ ማለት እንፈልጋለን። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዩኔስኮ በጦርነት በወደሙ አገሮች ላሉ የሳይንስ መምህራን ታስቦ የተዘጋጀ ትንሽ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1948 አሳተመ። የጻፈው ጄ. ፒ. ስቲቨንሰን የሚባል እንግሊዛዊ የሳይንስ መምህር ነው። መጽሐፉ ከታሰበለት ቦታ አልፎ ከመጀመሪያውም ምንም መሣሪያ ባልነበራቸው አገሮች ተወደደ፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ሰፍቶ የዩኔስኮ የሳይንስ ማስተማሪያ ምንጭ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ፣ በ1973 ደግሞ እንደ አዲስ ተዘጋጀ። ብዙ አገር የተጠቀመበት መጽሐፍ መነሻው ጣሪያው የፈረሰ ትምህርት ቤት ነው ማለት ነው። ስለ እኛ የተጻፈ ያህል ነው።

ጥንካሬው ከዕቃ መጀመሩ ነው። ሚዛን እንዴት እንደሚሠራ፣ ማቃጠያ ከምን እንደሚሠራ፣ የውሃ ጠብታ እንዴት ማጉያ እንደሚሆን ያሳያል። መሣሪያውን ራሱ የሠራ ልጅ የመሣሪያውን ድክመትም ያውቃል፤ ይሄ ከገበያ በተገዛ ኪት አይገኝም። ድክመትም አለው። አሮጌዎቹ ዕትሞች ሜርኩሪን የመሰለ ዛሬ ክፍል ውስጥ መግባት የሌለበትን ነገር እንደ ተራ ዕቃ ያስቆጥራሉ፤ እንዳለ የሚገለብጥ መምህር ይጠንቀቅ። ከዚያ በላይ የከፋን ግን በብዙ ቦታ ትእዛዙና ውጤቱ አንድ ላይ መጻፋቸው ነው። “ይህን አድርግ፣ ይህን ታያለህ” ከተባለ በኋላ ልጁ ምን ቀረው? ከዚህ አንጻር ማይክል ፋራዴይ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1860 መጨረሻና በ1861 መጀመሪያ ለወጣቶች ስድስት ተከታታይ ትምህርት የሰጠው በአንድ ሻማ ላይ ነው። ሰሙ እንዴት ይወጣል፣ ነበልባሉ ውስጥ ምን አለ፣ ውሃው ከየት መጣ እያለ አንዱን ጥያቄ ከሌላው ይወልዳል። ፋራዴይ ትምህርት በቅጡ ያልቀጠለ፣ መጽሐፍ ጠራዥ ቤት የተለማመደ ሰው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ጀምረን ላቋረጥነው ለኛ ለካምፕ መምህራን ይሄ ትንሽ ያጽናናል፣ እውነቱን ለመናገር።

ወጪውስ? ይሄ ሳይነሳ አይታለፍም። ፕሮጀክት ከቤት አምጡ ሲባል ውጭ አገር ዘመድ ያለው ልጅ ሞተርና አምፖል ይዞ ይመጣል፣ የሌለው ካርቶን ይዞ ይመጣል፣ ማርኩን ሞተሩ ይወስዳል። ራሽን በተቀነሰበት በ2025 እ.ኤ.አ. የምግብ ዘይት ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ለማሳየት ከቤት ዘይት አምጡ ማለት አሳፋሪ ነበር። ምግብ የሚፈስበት ሙከራ ይቅር። ሊጥ ከሆነ ግን ግድ የለም፤ በሦስት ንጹህ ጠርሙስ ተከፍሎ፣ በየአፉ ፊኛ ታስሮ፣ አንዱ ጥላ፣ አንዱ ፀሐይ፣ አንዱ እርጥብ ጆንያ ውስጥ ይቀመጥ፤ የትኛው ፊኛ ቀድሞ እንደሚነፋ ይለካ። እርሾው የሚያወጣው ጋዝ ያ የተራራው ጋዝ ራሱ ነው፣ ሲያልቅ ደግሞ ይጋገራል።

ውድ ዕቃ እንደማያስፈልግ ከዚሁ ከኬንያ ምስክር አለን። እ.ኤ.አ. በ2019 የዓለም አቀፉን የመምህራን ሽልማት ያገኘው ፒተር ታቢቺ በናኩሩ አውራጃ የሚገኘው ኬሪኮ ትምህርት ቤት መምህር ነው። አንድ ኮምፒውተር ብቻ በነበረው በዚያ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ ዓይነ ስውራንና መስማት የተሳናቸው ሰዎች ዕቃ የሚለኩበትን መሣሪያ ሠርተዋል። የተነሱት ከአንድ የሰው ችግር ነው።

ዳኞችን የምንለምነው ብዙ አይደለም። “ይሄ ምን ይሠራል?” የሚለውን ትተው “ምን ጠብቀሽ ነበር? ምን አገኘሽ?” ብለው ይጠይቁ፣ ደብተሩንም ይግለጡ። ልጁም በሚችለው ቋንቋ ይመልስ። “ዝገት” ምን እንደሆነ ከልጅነቱ የሚያውቅ ልጅ በእንግሊዝኛ ያጠናው ቃል ሲጠፋበት አንገቱን ሲደፋ አይተናል። በአማርኛ፣ በስዋሂሊ፣ በአረብኛ፣ በሶማሊኛ ይበል፤ ከዳኞቹ አንዱ ያስተረጉምለት።

ዝገትን ካነሳን፣ አንድ አምስተኛውን በትክክል ማየት የሚፈልግ ክፍል ሻማውን ትቶ በዝገት ይሞክረው። ከሱቅ ስቲል ዉል የሚባለውን ቀጭን የድስት መፈተጊያ ሽቦ መግዛት ነው። ቅባቱ እንዲለቅ በኮምጣጤ ይታጠብና ይራገፍ፤ ቀጥ ባለ ረጅም ብርጭቆ ታች ጠቅጠቅ ተደርጎ ብርጭቆው ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ይደፋ። እሳት የለም፣ ሙቀትም የለም ማለት ይቻላል። ሽቦው ሲዝግ ኦክስጅኑን ይይዘዋል፣ ጋዝ ሆኖ የሚተካ ነገር ስለሌለ ውሃው በአንድ ወይም በጥቂት ቀን ውስጥ ቀስ እያለ የአየሩን ቦታ አንድ አምስተኛ ያህል ይይዛል። ሳህኑ ውስጥ ውሃ እንዳያልቅ በየቀኑ ይታይ። ጠዋት የጀመረ ጠዋት ይለካ፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲለዋወጥ ብቻውን አየሩን 3 በመቶ ያህል ይለጥጠዋልና የካኩማ ቀትር ቁጥሩን ያበላሸዋል። አጠገቡ ሽቦ የሌለው ሌላ ብርጭቆ ይደፋ፣ እሱ ምን እንደሚያደርግም ይጻፍ።

የሞከረ ክፍል ያገኘውን ቁጥር ለዝግጅት ክፍላችን ይላክልን፣ በሚቀጥለው ዕትም ጎን ለጎን እናወጣዋለን። የብርጭቆውን ቁመት፣ የቆየበትን ቀንና የተለካበትን ሰዓት ጨምሩ። አንድ አምስተኛ ያልመጣላችሁም ላኩ።