ነቀፋና አለቅነት

የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ተውኔት አለቆችን የሚነቅፍ ነበር። ሩሲያ ተምረው የተመለሱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በ«ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የሹማምንቱን ብልሹ አስተዳደር በአውሬ አንደበት ገለጡ። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱም ተውኔቱን ከለከሉት።

ድፍረቱን አደንቃለሁ። ይሁን እንጂ መሳለቂያ ጥፋትን ያሳያል እንጂ ሥራን አያስተምርም፤ ማስተማር የአለቃ ፈንታ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ነገ በፒያሳ ወርቅ ቤት ወይም በአራዳ ቢሮ የሰው አለቃ ትሆን ይሆናል። ተለማማጁ ቀለበቱን ቢያበላሽና በደንበኛ ፊት ብትሰድበው፣ ስድብህን ይይዛል እንጂ ሙያውን አይዝም። ለብቻው ጥራው፤ የተበላሸው የቱ ላይ እንደ ሆነ ጠይቀው፤ አንድ ጊዜ ሠርተህ አሳየው፤ ከዚያም እጅህን ሰብስበህ ራሱ ይሞክር።

አንተንም የሚነቅፍህ ቢመጣ አፉን አትዝጋ። ያ ተውኔት ቢታገድም፣ ደራሲው ኋላ የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት፣ የአገሪቱን የመጀመሪያ ዘመናዊ ሕገ መንግሥት፣ አረቀቁ። ስለዚህ ነቃፊውን ለሥራ የሚጠራ አለቃ ብልህ ነው እላለሁ፤ ጉድለትን ያየ ዓይን ለማቃናትም ይረዳልና።