ከምላስ በታች ያሉ ቀማሾች

ወላይታ ሶዶ ላይ ጥሬ ሥጋ ያለ ዳጣ አይታሰብም። ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ አንድ ላይ ተፈጭተው ምላስን ይለበልባሉ፣ ግንባርን ያወዛሉ። ከዋጥነው በኋላ እኛ እንረሳዋለን፤ ታች ግን ሌላ ቀማሽ አለ።

ቀማሾቹ በአንጀት ግድግዳ ላይ እዚህም እዚያም ብቻቸውን የተበተኑ፣ ሆርሞን አመንጪ ሕዋሳት ናቸው። ከእነሱ አንዳንዶቹ እንደ ነጭ ሽንኩርት ያለውን የሚያቃጥል ነገር ለይተው ሴሮቶኒን ይለቃሉ፤ መልእክቱን ነርቭ ተቀብሎ ወደ አንጎል ያደርሰዋል። ከሰውነታችን ሴሮቶኒን 90 በመቶ ገደማ የሚሠራው አንጀት ውስጥ ነው። ለአንድ ጉርሻ ይህ ሁሉ ሥራ!

እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን ሌላ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእነዚሁ ሕዋሳት ውስጥ አልፋ ሲኑክሊን አገኙ፤ በፓርኪንሰን ሕመምተኞች አንጎል ውስጥ የሚጓጉለውን ፕሮቲን። ሕዋሳቱ ከነርቭ ጋር ስለሚነካኩ፣ የተበላሸው ፕሮቲን በዚያ በኩል ሽቅብ ይጓዝ ይሆን ተብሎ ይጠረጠራል። ገና አልተረጋገጠም፤ ዳጣም መድኃኒት ነው አላልኩም። ጀርመናዊው ተመራማሪ ሃይኮ ብራክ ግን የሕመሙ መነሻ አንጀት ሊሆን ይችላል ያለው በ2003 እ.ኤ.አ. ነበር፤ ብዙ ሕመምተኞችን እጃቸው ከመንቀጥቀጡ ከዓመታት በፊት ሆድ ድርቀት ያስቸግራቸዋል።