ፍጥነትን ከጎማ ምልክት ላይ ስለ ማንበብ

በመጀመሪያ ዓመት የፊዚክስ መጻሕፍት ሁሉ ማለት ይቻላል፥ አንድ የማይቀር የመልመጃ ጥያቄ አለ። አንዱ መኪና ወደ ምሥራቅ፥ ሌላው ወደ ሰሜን ሲሄዱ በመስቀለኛ መንገድ ላይ ይጋጫሉ፤ ተጣብቀው ጥቂት ሜትር ይንሸራተቱና ይቆማሉ፤ ተማሪውም ከግጭቱ በፊት የነበራቸውን ፍጥነት አስልቶ ከሁለቱ ሹፌሮች የትኛው ከተፈቀደው እንዳለፈ እንዲናገር ይጠየቃል። ተማሪው ያሰላል፤ በመጽሐፉ መጨረሻ ካለው መልስ ጋር ያስተያያል፤ ከተስማማለት ጥፋተኛውን አገኘሁ ብሎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል። ነገሩ የክፍል ውስጥ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልደከምሁበት ነበር። ዳሩ ግን ይኸው ሒሳብ ከክፍል ወጥቶ በብዙ አገሮች ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ሰውም ይታሰርበታል፥ ካሣም ይከፍልበታል። ስለዚህ ጥያቄው ምን እንደሚያስተምርና ምን እንደሚደብቅ መመርመር ተገቢ ይመስለኛል።

አስቀድሞ ለዘዴው ክብሩን ልስጠው። ይህ ሒሳብ ባልነበረበት ጊዜ የፍጥነት ማስረጃ የሰው ዓይን ብቻ ነበር። በነሐሴ ወር 1896 (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) ለንደን ውስጥ በክሪስታል ፓላስ ግቢ አንዲት እግረኛ በአውቶሞቢል ተገጭታ ሞተች። በተደረገው ምርመራ አንዱ ምስክር መኪናው እንደ እሳት አደጋ ሠረገላ ይከንፍ እንደ ነበር ሲናገር፥ ሹፌሩ ግን በሰዓት ከ4 ማይል እንዳልበለጠ አስረዳ። በሁለቱ መካከል የሚፈርድ መለኪያ ስላልነበረ ነገሩ ድንገተኛ አደጋ ነው ተብሎ ተዘጋ። ዓይን ምን ያህል እንደሚያታልል ደግሞ ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር በ1974 ባወጡት ጥናት አሳይተዋል። የግጭት ፊልም ላዩ ሰዎች ጥያቄውን በተለያየ ግሥ አቀረቡላቸው፤ መኪኖቹ «ሲላተሙ» ፍጥነታቸው ስንት ነበር የተባሉት በአማካይ ከ40 ማይል በላይ ሲገምቱ፥ «ሲነካኩ» የተባሉት ከ32 ማይል በታች ገመቱ። እንግዲህ አንድ ቃል የ8 ማይል ልዩነት ካመጣ፥ ከምስክር ይልቅ አስፋልቱን መጠየቅ የተሻለ መሆኑን ማን ይክዳል?

ዘዴው በሁለት ምሰሶዎች ይቆማል። አንደኛው ሰበቃ ነው። ሹፌሩ ፍሬን ይዞ ጎማው ሳይሽከረከር ሲጎተት ጥቁር ምልክት ይተዋል፤ ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ የሚሰጠው ቁጥር፥ የሰበቃው ቁጥር ከመሬት ስበት ፍጥንጥነትና ከምልክቱ ርዝመት ጋር ተባዝቶ ከሚሰጠው እጥፍ ጋር እኩል ነው። ሁለተኛው የሞመንተም ሕግ ነው፤ ይኸውም የእያንዳንዱ መኪና መጠነ ቁስ በፍጥነቱ ሲባዛ፥ የሁለቱ ድምር ከግጭቱ በፊትና በኋላ አይለወጥም ማለት ነው። ይህን ሁለተኛውን ሕግ አልነቅፈውም፤ ኒውተን በ1687 ካስታወቀ ጀምሮ በዚህ ዓይነት ነገር ላይ ሐሰተኛ ሆኖ አልተገኘም። በግጭቱ ቅጽበት እንኳ ጎማዎቹ ከመንገዱ ጋር ስለሚፋተጉ ሕጉ አይሠራም የሚሉ አሉ። ነገር ግን ግጭቱ የሚፈጀው ከሴኮንድ አንድ ዐሥረኛ ገደማ ነው፤ በዚህ ጊዜ ሰበቃ ሊቀንስ የሚችለው ፍጥነት በሰዓት 2.5 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዝግታ ለተጋጩ መኪኖች ይህ ሊቈጠር ይችላል፤ ለፈጣኖቹ ግን ከሌላው ስሕተት ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

ነቀፌታዬ በመጀመሪያ በሰበቃው ቁጥር ላይ ነው። መጽሐፉ 0.7 ብሎ ይሰጣል፤ ከየት እንዳመጣው አይናገርም። አሞንቶን በ1699፥ ኩሎምብም በ1785 ያጠኑት የደረቅ ነገር ሰበቃ በጭነትም በፍጥነትም ብዙ የማይለወጥ ነበር፤ ላስቲክ ግን ለዚህ ሕግ በሙሉ አይታዘዝም። የጎማ ሰበቃ በሙቀት፥ በፍጥነት፥ በጭነትና በአስፋልቱ ዕድሜ ይለዋወጣል። የ30 ሜትር ምልክት ወስደን እንመልከት። ቁጥሩ 0.7 ከሆነ ፍጥነቱ በሰዓት 73 ኪሎ ሜትር ነው፤ 0.6 ከሆነ 67.6፥ 0.8 ከሆነ ደግሞ 78 ነው። የመንገዱ ወሰን 70 ቢሆን፥ ሹፌሩ በአንዱ ቁጥር ነፃ ይወጣል፥ በሌላው ይፈረድበታል፤ ሦስቱም ቁጥሮች ደግሞ ለደረቅ አስፋልት የማይታመኑ አይደሉም። ለእውነት ስል አንድ ነገር ልጨምር፤ ፍጥነቱ የሚገኘው ከካሬ ሥር ስለሆነ በሰበቃው ቁጥር ላይ የተሠራ የ10 በመቶ ስሕተት በፍጥነቱ ላይ 5 በመቶ ያህል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ዘዴው አይጣልም፤ የሚጣለው አንዱን ቁጥር ብቻ ተናግሮ ዝም ማለት ነው።

የመንገዱ ቁልቁለትም እንዲሁ ይረሳል። ከእንጦጦ ወደ ከተማ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ አንባቢ ይህን አይረሳም። በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር በሚወርድ መንገድ ላይ ያ 0.7 ወደ 0.62 ይወርዳል፤ 73 የተባለውም ፍጥነት 68.7 ይሆናል። በአንጻሩ አንዳንድ ጓደኞቻችን አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች የመሬት ስበቱ 9.81 መሆን የለበትም ብለው ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። እውነት ነው፤ ልዩነቱ ግን ከ0.4 በመቶ አይበልጥም። ትንኙን አጥርቶ ግመሉን መዋጥ ማለት ይህ ነው።

መኪናው ከባድም ቢሆን ቀላልም ቢሆን መጠነ ቁሱ ከሒሳቡ ውስጥ ይሰረዛል የሚለውንም አባባል ተማሪው እንደ ምሥጢር ይወደዋል። በወረቀት ላይ ትክክል ነው። ነገር ግን የከባድ መኪና ጎማ ከትንሽ መኪና ጎማ ያነሰ ሰበቃ አለው፤ በአየር የሚሠራው ፍሬንም እስኪይዝ ጊዜ ይወስዳል። ከአራቱ ጎማዎች ሁለቱ ብቻ ተቆልፈው እንደ ሆነም፥ እንደ አራቱ አድርጎ ያሰላ ሰው ለሹፌሩ ያልነበረውን ፍጥነት ይጨምርለታል። በሌላ ወገን ጎማው ከመቆለፉ በፊት የጠፋው ፍጥነት በምልክቱ ላይ አይጻፍም፤ ይህም ለሹፌሩ ያደላል። ስሕተቶቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ቢያዘነብሉ ኖሮ ማስተካከሉ በቀለለ ነበር።

አሁን ወደ መስቀለኛው መንገድ እንመለስ። ወደ ምሥራቅ የሚሄደው 1,200፥ ወደ ሰሜን የሚሄደው 1,800 ኪሎ ግራም ይሁን፤ ተጣብቀው በ0.6 ሰበቃ 9 ሜትር ተንሸራተቱ፤ የተንሸራተቱበት መሥመር ከምሥራቅ ወደ ሰሜን 50 ዲግሪ ያዘነብላል። ሲሰላ ከግጭቱ በኋላ 37፥ ከግጭቱ በፊት የምሥራቁ 59.5፥ የሰሜኑ 47.3 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሆናል። ወሰኑ 60 ከሆነ ሁለቱም ንጹሐን ናቸው። ነገር ግን ማዕዘኑን የለካው ሰው 45 ዲግሪ ቢል የምሥራቁ ፍጥነት 65.5 ይሆናል። ዘይትና የመስታወት ስብርባሪ በፈሰሰበት መንገድ ላይ፥ ሰው ተሰብስቦ፥ በሜትር ገመድ 5 ዲግሪ መሳት ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ የሞከረ ያውቀዋል። በዚሁ ምሳሌ ላይ ጉልበት ይጠበቃል ብሎ የሚያሰላ ተማሪም አይታጣም፤ ሁለቱ መኪኖች ከግጭቱ በፊት የነበራቸው ጉልበት 320,000 ጁል ያህል ሲሆን፥ በኋላ የቀረው 159,000 ነው። ግማሹ ብረት በማጨማደድ ጠፍቷል። ሞመንተም ተጠብቆ ጉልበት የማይጠበቅበትን ምክንያት ይህን ያህል የሚገልጥ ምሳሌ የለም፤ መጻሕፍቱ ግን ብዙውን ጊዜ ሳይጠይቁት ያልፋሉ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ፊት ለፊት የሚደረግ ግጭት ነው። 12,000 ኪሎ ግራም የጭነት መኪና በ40፥ 1,000 ኪሎ ግራም ትንሽ መኪና በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተገናኝተው ተጣበቁ እንበል። ከግጭቱ በኋላ አብረው በ30.8 ያህል የጭነት መኪናው ወደሚሄድበት ይጓዛሉ። የጭነት መኪናው ሹፌር ያጣው ፍጥነት 9 ኪሎ ሜትር ሲሆን፥ የትንሹ መኪና ሹፌር ግን በቅጽበት ወደ 111 የሚጠጋ ለውጥ ደርሶበታል። አብዛኛውን ጊዜ ማን እንደሚሞት ከዚህ ይታያል። እንግዲህ መርማሪው ወደ ኋላ ተመልሶ የትንሹን መኪና ፍጥነት ሊያሰላ ሲነሣ፥ የትልቁን ማወቅ አለበት፤ በትልቁ ላይ የሚሠራት እያንዳንዷ የ1 ኪሎ ሜትር ስሕተት በትንሹ ላይ 12 ኪሎ ሜትር ትሆናለች። የትልቁ ፍጥነት 45 ነው ከተባለ ትንሹ በ140 ይከንፍ ነበር ይባላል፤ 35 ነው ከተባለ 20 ብቻ ይሆናል። የትልቁን ፍጥነት የሚናገረውስ ማን ነው? በሕይወት የተረፈው ሹፌር ነው። 45 ነበርሁ ቢል በራሱ ላይ 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ይጨምራል፤ በሟቹ ላይ 60። ሕጉ አልሐሰተም፤ ነገር ግን የስሕተቱ ሸክም በሙሉ መናገር በማይችለው ላይ ወደቀ።

ዛሬ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ፍሬን በ1978 በቦሽ ከወጣ ወዲህ ተስፋፍቶ፥ ጥቁሩ ምልክት እየደበዘዘ ሄዷል። በምትኩ መኪናው ራሱ ከግጭቱ በፊት ያሉትን ጥቂት ሴኮንዶች የሚመዘግብበት መሣሪያ መጥቷል፤ በአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በአዲስ መኪና ሁሉ ላይ ግዴታ ሆኗል። ይህ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን መሣሪያው የሚቈጥረው የጎማውን ዙር እንጂ የመሬቱን ርቀት ስላይደለ ጎማው ሲንሸራተት ይሳሳታል። እንደኛ ባለ አገር ደግሞ ብዙ ዘመን ያገለገሉ መኪኖች በየመንገዱ ስለሚታዩ የሜትር ገመዱ ገና ሥራ አይፈታም።

ለመልመጃው የማቀርበው ማሻሻያ አነስተኛ ነው። ጥያቄው «ፍጥነቱ ስንት ነበር?» ከማለት ይልቅ «ከስንት አያንስም፥ ከስንትስ አይበልጥም?» ይበል። የሰበቃውንም ቁጥር ተማሪው ራሱ ይለካ፤ ውድ ዕቃ አያስፈልገውም። ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ከሸክሙ ጋር 20 ኪሎ እንዲመዝን አድርጎ፥ በግቢው አስፋልት ላይ በሚዛን ይጎትተው፤ ሚዛኑ 14 ካለ ቁጥሩ 0.7 ነው። ይህን በአንድ ቦታ ዐሥር ጊዜ፥ ከዚያም በፒስታ መንገድና ዝናብ በመታው አስፋልት ላይ ደግሞ ዐሥር ዐሥር ጊዜ ያድርገው፤ ያገኛቸውንም ሠላሳ ቁጥሮች አንዱንም ሳይጥል በደብተሩ ይጻፍ።