የፍል ውሃ በረከት

የአዲስ አበባ ፍል ውሃ ከከተማዋ ይቀድማል። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው ቤት ያሠሩት በዚሁ ምንጭ አጠገብ ነበር፤ ከተማዋን የቆረቆራት ገላ መታጠብ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

የፍል ውሃ አገልግሎት ሥርዓቱ ቀላል ነው። ደንበኛው ትኬት ይቆርጣል፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ተራ ይጠብቃል፣ ሲጠራ ፎጣና ሳሙናውን ይዞ ይገባል። ውሃው ከምድር ሲወጣ እጅ የሚለበልብ ስለሆነ ሳይበርድ አይነከሩበትም። ወገቡን የሚያመው ሽማግሌና ከረጅም መንገድ የገባ ሹፌር አንድ አግዳሚ ይጋራሉ። ሲወጡ ፊታቸው ወዝቶ፣ የጣታቸው ጫፍ ተጨማዶ፣ ንግግራቸውም ዝግ ብሎ ነው። ይህን የመሰለ መፍታታት በሌላ በምን ዋጋ ይገኛል?

መዋኘት ለሚሻ የጊዮን ሆቴል ገንዳ ቅርብ ነው፤ እሱም የሚሞላው በፍል ውሃ ነው። ጀማሪዎች ጠርዙን የሙጥኝ ብለው እግራቸውን ያንቦጫርቃሉ። ከመዝለያው ላይ ወጥቶ ቁልቁል ሲያይ ሐሳቡን የሚቀይር ጎረምሳ አይጠፋም፤ ከኋላው ደግሞ ሳቅ ይከተለዋል። የሂልተን ገንዳም ሙቀቱን ያገኘው ከዚሁ ከርሰ ምድር ሲሆን፣ ቅርጹ ከላስታ የተወሰደ ነው፦ የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ መስቀል።