ጀርባውን ሳታይ አትንካው

«ጋሼ፣ ጀርባውን ስካን ማድረጉ ምን ይሠራልሃል? ባዶ ወረቀት እኮ ነው!»

ይህን ያለኝ የድሮ ፎቶ ማደስ ልማር ብሎ በቅርቡ አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ጣቱ ከእኔ ይፈጥናል፤ ዐይኑም አይከፋም። ቅር የሚለኝ ፎቶ ሲቀበል ፊቱን ብቻ ማየቱ ነው። በዚህ ጉዳይ ከእኩዮቼም ጋር ስጨቃጨቅ ኖሬያለሁ። ስለ አቧራ ማራገፍ፣ ስለ ስካነር መስታወት፣ ስለ ፋይል መጠን እዚህ አላወራም፤ የሥራው ሰው ያውቀዋል። የማወራው ስለ ጀርባው ነው።

ጥያቄውን ያስነሳው ፎቶ ከፖስት ካርድ ያነሰ፣ ጥቁርና ነጭ ነው። ሁለት ልጃገረዶች ነጠላቸውን አጣፍተው ቸርችል ጎዳና ላይ ቆመዋል፤ ከኋላቸው ሽቅብ ማዘጋጃ ቤቱ አለ። ሕንፃው ግን ጥርት ብሎ አይታይም፤ ነጣ ያለ ነገር ጋርዶታል። ልጁ የወረቀት እርጅና መስሎት በአንድ ጠቅታ ጠረገው። ከዚያ ማሽኑን አዘዘና ሰማዩን ሰማያዊ፣ ዛፉን አረንጓዴ፣ ጥለቱን ቀይ አደረገው። እውነት ለመናገር ያምራል። እኔ ፎቶውን ገለበጥኩት። ጥጉ ላይ በእርሳስ «12/3/60» ተጽፏል።

የእኛ ሰው ቀን ሲጽፍ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አይነግርህም። የፈረንጅ ነው ብንል፣ 1960 በእኛ 1952 ወይም 1953 ነው፤ ያን ጊዜ ማዘጋጃ ቤቱ ገና አልቆመም። አርቱሮ መዜዲሚ የነደፈው ያ ሕንፃ የተሠራው በእኛ በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ስለዚህ ቀኑ የእኛው ነው፤ ኅዳር 12 ቀን 1960 ዓ.ም.። ኅዳር 12 ደግሞ ኅዳር ሚካኤል ነው። አዲስ አበባ ጥራጊዋን በየደጁ ከምራ የምታጥንበት፣ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ከፈጀ ወዲህ የቆየ ነው የሚባልለት ልማድ። ልጃገረዶቹም ነጠላ የለበሱት ከንግሥ ሲመለሱ ይሆናል። ልጁ እንደ ጉድፍ የጠረገው የኅዳርን ጭስ ነው ብዬ አምናለሁ። ፊቱን ብቻ ያየ ሰው ይህን በምን ያውቃል?

የቀለሙ ነገር ከዚህ ይብሳል። ዛሬ የአራዳ ገበያ ፎቶ፣ የጊዮርጊስ አደባባይ ፎቶ በማሽን ቀለም እየተቀባ ከስልክ ስልክ ይዞራል፤ ሰውም «ሕይወት ዘራ» ይላል። እኔ የምቃወመው ድሮ ስለሚናፍቀኝ አይደለም፤ ኬሚስትሪው ስለማይፈቅድ ነው። ብዙው የጥንት ፊልምና የመስታወት ፕሌት ሁሉንም ቀለም እኩል አያይም ነበር። ሰማያዊውን አብዝቶ ያያል፣ ቀዩን ጨርሶ አያይም። ስለዚህ ቀይ ነገር ወረቀቱ ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ሰማያዊው ይነጣል። በአሮጌ ፎቶ ሰማይ ብዙ ጊዜ ባዶ ነጭ የሚሆነውም ለዚህ ነው። እንግዲህ አንድ ባላባት የለበሰው ካባ ፎቶው ላይ ጥቁር ሆኖ ከታየ፣ ጥቁር ሐር ይሁን ቀይ ከፋይ በምን ለየኸው? ማሽኑም አልለየም፤ ገመተ እንጂ። ያውም ካባም ጥለትም የት አይቶ!

አንዲት እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የተነሱት ፎቶ መጥቶልኝ ነበር። ጥለቱ ወደ አንገታቸው ወጥቷል። ሐዘን ላይ ናቸው፤ ይህን ለማወቅ አዲስ አበባ ማደግ ይበቃል። ፎቶውን ከእኔ በፊት ያየ ማሽን ግን ጥለቱን የሸሚዝ ኮሌታ አድርጎ ወይን ጠጅ ቀብቶታል፤ ፊታቸውንም አጠራለሁ ብሎ የሌላ ሴት ዐይን ሠርቶላቸዋል። ሐዘናቸው ከአንገታቸው ወረደ፣ መልካቸውም ከፊታቸው ተነሳ። ይህን ነው እንግዲህ እድሳት የሚሉት።

«የድሮ ፎቶ ቤቶችስ በእጅ ቀለም ይቀቡ አልነበር?» ይሉኛል። ይቀቡ ነበር። አባቴ ፒያሳ ውስጥ ፎቶ ሲያጥብና ሪታች ሲያደርግ ኖሮ ያረጀ ሰው ነው፤ ሽታውን እንኳ ዛሬም አውቀዋለሁ። ነገር ግን እሱ ሲሠራ ባለ ፎቶዋ ፊቱ ተቀምጣለች። ቀለም የሚቀባው ሌላ ሰው ስለነበር አባቴ እያያት ጀርባው ላይ በእርሳስ ይጽፋል፦ «ቀሚስ ቢጫ፣ ሻሽ ሰማያዊ፣ ሐብሉ ወርቅ።» ተመልከቱልኝ! ቀለሙ ያለው ጀርባው ላይ ነው። ቀለም ቀቢ ነኝ የሚል ሁሉ መጀመሪያ መገልበጥ ነበረበት።

ማህተሙም እዚያው ነው። የፒያሳ ፎቶ ታሪክ ሲነሳ አርመናውያኑን ቦያጅያኖችን መዝለል አይቻልም፤ አባትየው ቤድሮስ በምኒልክ ቤተ መንግሥት፣ ከእሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ የነገሥታቱና የከተማው ሰው ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። የፎቶ ቤት ማህተም ያገኘ ሰው ይደሰታል፣ መደሰትም አለበት። ግን ማህተም የሚነግርህ ወረቀቱ የወጣው ከማን ቤት እንደሆነ ነው፤ ካሜራውን የያዘው ሌላ ሊሆን ይችላል። ፎቶ ቤት የሌላውን ፊልም አጥቦ በራሱ ማህተም ያወጣ ነበርና። ማህተሙ ከደበዘዘ መብራቱን ከጎን አጋድመህ እይ። የወረቀቱ ፋብሪካ ስም፣ አግፋም ሆነ ኮዳክ፣ እንዲሁ ብቅ ይላል። ፎቶው የሚጣበቅ ፕላስቲክ ባለው አልበም ላይ ከሆነ እባክህ አትገንጥለው፤ ቀጭን የጥርስ ማጽጃ ክር ከሥሩ አስገብተህ ቀስ እያልክ አላቅቀው። እነዚያ አልበሞች ያጠፉት ጀርባ በእሳት ከጠፋው ይበዛል ባይ ነኝ።

ጀርባው ዝም ሲል ደግሞ ከሰውዬው በስተኋላ ያለውን መጠየቅ ነው። የጊዮርጊስ አደባባይ ፎቶ ላይ የምኒልክ ሐውልት ከሌለ፣ ወይ ከ1923 ዓ.ም. በፊት ነው፣ ወይ ጣሊያን ነቅሎት በነበረበት ዘመን ነው። ሐውልቱ የተመረቀው በ1923 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ነውና። ታዲያ ይህን የሚያውቀው ጥጉን ያልቆረጠ ሰው ነው። እኛ ባለሙያዎቹ ግን ቆራጮች ነን። አብዛኛው እንጀራችን ከለቅሶ ቤት ይመጣል። ሰው ይሞታል፤ ጉርድ ፎቶ አይገኝለትም፤ ቤተሰቡ የሰርግ ወይም የጥምቀት ፎቶ ይዞ ይመጣና «እሱን ብቻ አውጣልን» ይላል። አጠገቡ የቆመው ጓደኛ፣ የሱቁ ደጃፍ፣ ጋሪው፣ ሊስትሮው ሁሉ ይቆረጣል። በዚህ ዓይነት የአንድ ከተማ የዘወትር ኑሮ ከለቅሶ ቤት ግድግዳ ውጪ ሲጣል ኖረ። ሥራውን እምቢ አልልም፤ ሐዘንተኛ አይመለስም። ግን ሙሉውን፣ ፊትና ጀርባውን ሳላነሳ መቀስ አልነካም።

በታተሙት መጻሕፍትም ቢሆን ተራው ሰው ዳር ላይ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒስ ዠራር እ.ኤ.አ. ከ1867 እስከ 1935 የተነሱ ፎቶዎችን ሰብስበው ያወጡትን ትልቅ መጽሐፍ የማያከብር የለም። ሆኖም ያን ዘመን ካሜራ የነበረው በአብዛኛው ለእንግዳና ለቤተ መንግሥት ነው፤ ውኃ ቀጂዋ የምትገኘው ከመኳንንቱ ጀርባ፣ ግማሽ አካሏ ተቆርጦ ነው። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የሚለውን መጽሐፍ የወደድኩት በዚህ የተነሳ ነው። ወጣቶቹ አዘጋጆች በየቤቱ ዞረው የቤተሰብ አልበም ከፈቱ፤ ፎቶውን ከባለቤቱ ወሬ ጋር አወጡት። ወሬው ነው ጀርባው። ባለቤቱ ካለፈ በኋላ ያን ወሬ ከየት ታመጣዋለህ?

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳው ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ ሥራዬ መልኩን ለወጠ። የሚመጡት ደንበኞች አልበም በፌስታል የያዙ፣ ዕቃቸውን ሩቅ ሰፈር አራግፈው የተመለሱ ሰዎች ሆኑ። ሰፈሩ መነሳት ነበረበት ወይስ አልነበረበትም የሚለውን ሌላ ይከራከርበት። እኔ ያየሁት የትእዛዙን መለወጥ ነው። አንድ አዛውንት የገዛ ልጃቸው የክርስትና ፎቶ አምጥተው፣ ጣታቸውን ከሕፃኑ በላይ አሳልፈው የቆርቆሮ በር ላይ አደረጉና «እሱን አሳድግልኝ» አሉኝ። «ልጁንስ?» ብላቸው «ልጁ አለ፤ አድጓል፤ ሲፈልግ ይመጣል» አሉ። ጥጉ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ምን እመልስላቸው ነበር?

እኔን በዚህ ሥራ ያስቀረኝ ግን ሌላ ነው። እናታችን የምትደብቀው አንድ ፎቶ ነበር፤ አራት ጎረምሶች አፍሮ አበጥረው፣ ሱሪያቸው እግር ላይ ሰፍቶ፣ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ተደግፈው ይስቃሉ። አንዱ ታላቅ ወንድሜ ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ ስንቱ ቤት አልበሙን እንዳቃጠለ የዘመኑ ሰው ያውቃል፤ ፎቶ የማን ጓደኛ ማን እንደሆነ ያሳብቃልና። እናቴ ማቃጠል አልሆነላትም። ፊቱን እንዳለ ትታ ጀርባውን በምላጭ ፋቀችው። አራት ስም ነበር የተጻፈው። ወንድሜ አልተመለሰም፤ ከሌሎቹም ማን ተርፎ ማን እንደሞተ አጣርተን አናውቅም ነበር።

እናቴ ካረፈች በኋላ ያን ወረቀት በጎን መብራት አየሁት። ምላጭ ቀለሙን ያነሳል እንጂ የእስክሪብቶውን ጉድጓድ ሁሉ አይደለድለውም። ከአራቱ ሁለቱን ስም አነበብኩ፤ አንዱ የወንድሜ ነው። በሁለተኛው ስም ጠይቄ ጠይቄ እህቱን አገኘኋት። የወንድሟ አንድም ፎቶ አልነበራትም፤ የእነሱ አልበም ተቃጥሏል። ፊትና ጀርባውን አሳትሜ ሰጠኋት። ፊቱን ብዙ አላየችውም፤ የተፋቀውን ጀርባ ነበር ስታገላብጥ የቆየችው። «እናትህ ናት የፋቀችው?» የምትለኝ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን «እናትህ ስሙን አውቃ ኖሯል» ነው ያለችኝ። ማሽኑ ያን ወረቀት ቢያገኝ ጭረቱን «ጉዳት» ብሎ ያለሰልሰዋል። ስለዚህ ነው ከእኩዮቼ ጋር በዚህ ጉዳይ የማልስማማው። ቀለም የሚወድ ቅጂውን ወስዶ ይቀባ፣ አልከለክልም፤ «በግምት የተቀባ» ብሎ ይጻፍበት እንጂ። ዋናውን ግን ጀርባውን ሳያይ አይንካው።

አሁን የምፈራው ለድሮው ፎቶ አይደለም፤ ለዛሬው ነው። የስልክ ፎቶ ጀርባ የለውም። ወጣቶቹ «ቀኑንና ቦታውን ስልኩ ይይዘዋል» ይሉኛል። ይይዛል፤ በቴሌግራም ወደ አክስትህ ስትልከው ግን ያ መረጃ ብዙ ጊዜ ከፎቶው ይቀራል፤ የተነሱትን ሰዎች ስም ደግሞ መጀመሪያም አያውቀውም። ከሺዎቹ ፎቶዎችህ ጥቂቱን መርጠህ አሳትም። በእስክሪብቶ አይደለም፣ በለስላሳ እርሳስ፣ ጀርባው ላይ ጻፍ፦ የሁሉንም ስም እስከ አባት፣ ሰፈሩን በቀድሞ ስሙም በአሁኑም፣ ማን እንዳነሳው። ቀኑን ስትጽፍ ደግሞ «ዓ.ም.» የምትለዋን አትርሳ፤ በእሷ ምክንያት ስንት ቀን እንደተጨቃጨቅን እኛ እናውቃለን።