ስለ ኳሱና ስለ ጀልባው ምሳሌ አንዳንድ ነጥቦች

የፊዚክስ መምህራን ስለ መሠረታዊ ኃይሎች ማስተማር ስንጀምር ዘወትር የምንጠቅሰው አንድ ምሳሌ አለ። ሁለት ሰዎች በሁለት ጀልባዎች ላይ ቆመው ኳስ ይወራወራሉ፤ በእያንዳንዱ ውርወራና ቅለባ ጀልባዎቹ እየተራራቁ ይሄዳሉ። ሁለት ኤሌክትሮኖችም እንዲሁ ፎቶን እየተለዋወጡ ይገፋፋሉ ይባላል። ምሳሌው ቀላል ስለሆነ ተማሪው ቶሎ ይቀበለዋል። ዳሩ ግን ጉድለቱን ሳናሳይ የምናልፈው ስለሆነ ዛሬ ልንተቸው ተነሥተናል።

ለዚህ ያነሣሣን አንድ ገጠመኝ ነው። አንድ እጩ መምህር ለማስተማር ልምምድ ወጥቶ ይህንኑ ሲያቀርብ ከኋላ ተቀምጠን እንከታተል ነበር። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «ታዲያ ፕሮቶንና ኤሌክትሮን እንዴት ይሳሳባሉ? ኳስ የሚወረውር ሰው ሌላውን ወደ ራሱ አይጎትትም» አለች። እጩው ጥቂት ካመነታ በኋላ ኳሱ ወደ ኋላ ተወርውሮ፣ ዞሮ በሌላው ሰው ጀርባ በኩል ሊመጣ እንደሚችል ነገራት። ክፍሉ ሳቀ፤ ልጅቷም ተቀመጠች። እጩውን ለመውቀስ አልደፈርንም፤ ይህን መልስ ያስተማርነው እኛው ነንና።

ጥያቄዋ ግን ትክክል ነበር። በቅንጣቶቹ መካከል የሚበር ኳስ የለም፤ ያለው መስክ ነው። «ልውውጥ» የምንለው የመስኩን ሥራ በሒሳብ የምናሰላበት መንገድ ነው። ሁለቱ ሲቀራረቡ እምቅ ጉልበታቸው የሚቀንስ ከሆነ ይሳሳባሉ፤ የሚጨምር ከሆነ ይገፋፋሉ። ይህም የሚወሰነው በኤሌክትሪክ ሙላቸውና በመስኩ ጠባይ ነው እንጂ በውርወራ አቅጣጫ አይደለም።

ለመሳሳብ ምሳሌ ካስፈለገ የረገበ የጠፍር አልጋ ይሻላል። ሁለት ልጆች ከዳርና ከዳር ቢተኙበት ሌሊቱን ተንከባልለው መሐል ላይ ይገናኛሉ። አንዱ ሌላውን አልጎተተውም፤ ያገናኛቸው በመካከላቸው ያለው ጠፍር ነው። ይህም ቢሆን መገፋፋትን አያሳይም፤ የሚሠራውም በመሬት ስበት ስለሆነ ወሰኑ ሊነገር ይገባል።

ሁለተኛው ጉድለት ኳሱ መግፋትን ብቻ ማወቁ ነው። ደካማው ኑክሌራዊ ኃይል ኒውትሮንን ወደ ፕሮቶን ይለውጣል፤ ኤሌክትሮንና አንቲኒውትሪኖም ይወጣሉ። ኳስ ስለቀለበ ሌላ ሰው የሆነ ተጫዋች ግን አይተን አናውቅም።

የልውውጥ ሐሳብ ራሱ ግን ከንቱ አይደለም። ኑክሌርን አንድ ላይ የሚይዘው ኃይል ከሚሊሜትር ትሪሊዮንኛ ጥቂት እጥፍ በላይ ርቆ አይሠራም። ጃፓናዊው ሂዴኪ ዩካዋ እ.ኤ.አ. በ1935 ከዚህ ተነሥቶ አመላላሹ ቅንጣት ከኤሌክትሮን 200 ጊዜ ያህል እንደሚከብድ ተነበየ፤ በ1947 የተገኘው ፓዮን 270 ጊዜ ያህል የሚከብድ ሆነ። በ1983 በሰርን የተገኙት የደካማው ኃይል አመላላሾች፣ ደብልዩና ዜድ፣ ከፕሮቶን 86 እና 97 ጊዜ ያህል ስለሚከብዱ የኃይሉ ርቀት እጅግ አጭር ነው። ፎቶን መጠነ ቁስ ስለሌለው የኤሌክትሮማግኔታዊ ኃይል ርቀት ወሰን የለውም። ምክንያቱ ሌላ ቢሆንም፣ ከባድ ድንጋይ ሩቅ አለመወርወሩ እዚህ ላይ ምሳሌውን ያግዘዋል።

ስለዚህ ምሳሌው ይጣል አንልም። ነገር ግን መምህሩ ካቀረበው በኋላ፣ «ይህ ምሳሌ የማይሠራው የት ላይ ነው?» ብሎ ተማሪዎቹን ይጠይቅ እንላለን። ያች ልጅ የተቀመጠችው ተሳስታ አልነበረምና።